የድንጋዩ ቀንዲልና የኑጉ ዘይት

ቀንዲል አራት ነገሮችን አንድ አድርጎ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ እነዚህም ማኅደሩ፥ ዘይቱ፥ ክሩና እሳቱ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ኀላፊዎች ናቸው። ዘይቱ ይነድዳል፥ ክሩ ያርራል፥ እሳቱም ይጠፋል። ማኅደሩ ግን፥ ይልቁንም ከድንጋይ የተጠረበ እንደ ሆነ፥ ያበራበትን ሰው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከዚህም የተነሣ አንድ የድንጋይ ቀንዲል ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ጊዜ፥ ተቀባዩ «ይህ ዕቃ ከእኔ በፊት ለማን ሲበራበት ኖረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ በዱባይ ከተማ ሚርዲፍ በሚባለው ሰፈር፥ በስደት የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን በምንጸልይበት ስፍራ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ቢመስልም፥ ነገ ወደ ልዩ ልዩ ሀገር ለአገልግሎት የምትሄዱ ደቀ መዛሙርትና ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም የምትጓዙ ምእመናን ይህን የመሰለ ነገር ሳይገጥማችሁ አይቀርምና፥ የሆነውንና የተማርሁትን በቅደም ተከተል ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በሀገራችን የመብራቱ ልማድ ከዚህ የተለየ መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። አባቶቻችን ቤቱን ከድንጋይ ፈለፈሉ፤ በውስጡም የንብ ሰም አበሩ። በላስታ 11ን የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የተሳለመ ሰው፥ ወደ ዐለቱ ውስጥ ገብቶ ጨለማው ሲቀበለው፥ ከዚያም አንዲት ቀጭን ጧፍ የዓምዱን ሐረግ ስታሳየው የተሰማውን አይረሳም። ጧፍ የጥጥ ክር በሰም እየተነከረ የሚሠራ ነው፤ ማር የበዛበት ሀገር ሰሙን ለመብራት ማዋሉ የተገባ ነው። የዘይት መብራት ስም ግን ከመካከላችን ጠፍቶ አያውቅም። ለሕሙማን የሚጸለየው ምሥጢር «ምሥጢረ ቀንዲል»፥ መጽሐፉም «መጽሐፈ ቀንዲል» ይባላል፤ በእኅታችን በግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም በዚሁ ጸሎት ጊዜ በዘይቱ ላይ 7 ክሮች ይበራሉ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 27 ስለ መብራቱ ዘይት የተሰጠውን ትእዛዝም በጉባኤ ቤት ያልሰማ የለም። በጥንታዊቱ መጠራ፥ በዛሬይቱ ኤርትራ ምድር፥ በተደረገው ቁፋሮ የተገኘው የነሐስ ቀንዲል፥ ውሻ የዱር ፍየል ሲያሳድድ በላዩ የተቀረጸበት፥ በምድራችን ዘይት ከክርስትና አስቀድሞም ይበራ እንደ ነበር ይመሰክራል።

መብራቱን ራሱን ከድንጋይ የጠረቡ ሕዝቦች ግን ብዙዎች ናቸው። በፈረንሳይ ሀገር ላስኮ በሚባለው፥ በጥንታውያን ሥዕሎች በታወቀው ዋሻ ውስጥ፥ አንድሬ ግሎሪ የተባሉ የካቶሊክ ካህን በ1960 እ.ኤ.አ. ከቀይ አሸዋማ ድንጋይ ተጠርቦ የለሰለሰ ባለ እጀታ መብራት አገኙ። ዕድሜውም ከ15 ሺህ ዓመት በላይ እንደሚሆን ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩት ኢኑይት የሚባሉ ሕዝቦች ደግሞ ቁሊቅ የሚሉትን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለውን መብራት ከለስላሳ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ዘይቱ የባሕር አውሬ ስብ፥ ክሩም የበረሓማው በረዶ ሣር ጭገር ነው። እሳቱን እየቈሰቈሰች የምትጠብቀው የቤቱ እመቤት ነበረች፤ ያ መብራት ካልነደደ ልጆች በብርድ ያልቃሉና። ዛሬም በታላላቅ ጉባኤያቸው መክፈቻ አረጋውያት ሴቶች ያበሩታል።

የድንጋይ ቀንዲል አሠራሩ ለዐይን ቀላል ይመስላል። መካከሉ ጎድጎድ ይላል፥ ከንፈሩም በአንድ ወገን ክሩ የሚያርፍበት ቦይ ይወጣለታል። ነገር ግን በውስጡ ጥበብ አለ። ዘይት ብቻውን ክብሪት ቢጭሩበት ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ክሩ ዘይቱን ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ይስበዋል፥ በክሩ ጫፍ ያለው ሙቀትም ወደ ትነት ይለውጠዋል፤ የሚነድደው ያ ትነት ነው። ክሩ አብዝቶ ከወጣ ያጨሳል፥ አብዝቶ ከገባም ይሞታል። ስለዚህ የዘይት መብራት ጧት አብርተውት ማታ የሚያገኙት ዕቃ አይደለም፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ድንጋዩ የሚሰጠው ክብደቱን ነው፤ ነፋስ አይገለብጠውም፥ ልጅ ነክቶ አይደፋውም፥ ዝናብም አያፈርሰውም።

በእኛ ዘንድ ክርክር ያስነሣው ቀንዲል ከሕንድ ሀገር፥ ከኬራላ የመጣ ነው። በኬራላ ሰዎች ቋንቋ በማላያላም «ካል» ድንጋይ፥ «ቪላኩ» መብራት ማለት ነው፤ ሁለቱን አያይዘው «ካልቪላኩ» ይሉታል። የሚጠረበው ከጠንካራ ግራናይት ነው። ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ መሠረቱ፥ ዓምዱና የዘይቱ ጽዋ ለየብቻ ተጠርበው አንዱ ባንዱ ላይ ይቆማሉ። በሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ደጃፍ ይህ መብራት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሀገር፥ ቅዱስ ቶማስ ሐዋርያ በ52 ዓ.ም. መጥቶ ሰበከን በሚሉት ክርስቲያኖች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍም ይገኛል። በብዙዎቹም አደባባይ ከጥርብ ድንጋይ የቆመ ታላቅ መስቀል አለ፤ በመስቀሉ መሠረት ዙሪያ የዘይት መብራት የሚቀመጥባቸው ትንንሽ መስኮቶች ተፈልፍለዋል። ከመስቀሉ በታች የተጠረበው የአበባና የዝሆን ሐረግ በቤተ መቅደሶቹ ከሚታየው ጋር አንድ ዐይነት መሆኑ አያስደንቅም፤ የአንድ ሀገር ድንጋይ ጠራቢዎች ጥበብ ነውና። እነዚህ ክርስቲያኖች በፖርቱጋሎች አገዛዝ ዘመን ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በተጫናቸው ጊዜ፥ በ1653 እ.ኤ.አ. በማታንቼሪ በአንድ መስቀል ፊት ተሰብስበው የማሉት መሐላ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ሁሉ መስቀሉን መንካት ስላልቻለ፥ በመስቀሉ ገመድ አስረው ገመዱን ይዘው ማሉ ተብሎ ይነገራል።

ለእኛም እንግዶች አይደሉም። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. (1956 እ.ኤ.አ.) ሕንድን ሲጐበኙ በኬራላ ኮታያም የሚገኘውን የኦርቶዶክሳውያኑን መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተመልክተዋል። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. (1965 እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም የሕንድ ቤተ ክርስቲያን ከግብጽ፥ ከሶርያ፥ ከአርመንና ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ቀሲስ ቪ. ሲ. ሳሙኤል የተባሉት የኬራላ ሊቅ በቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ አስተምረዋል። በዚያው ዘመን በየአውራጃው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬራላ መምህር ያስተማረው ኢትዮጵያዊ ቍጥሩ ብዙ ነው።

እኔ በሚርዲፍ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ በሹፌርነት እሠራለሁ። ሚርዲፍ ከዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ፥ ወደ ሻርጃ ወሰን ተጠግቶ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ቅጥር ያላቸው፥ ደጃቸው ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥታውን የሚያቋርጠው በላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ብቻ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ከከተማው በፊት የነበሩት የጋፍ ዛፎች ዛሬም ቆመዋል፤ ጋፍ የእኛን ግራር የሚመስል የበረሓ ዛፍ ነው፥ ሀገሪቱም በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ዛፏ አድርጋዋለች። የእኔ ክፍል ከዋናው ቤት በስተ ኋላ ናት። ባለንበት ቅጥር አጠገብ ባለው ቤት አንድ የኬራላ ሰው በአትክልተኝነት ከ20 ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ ኦርቶዶክሳዊ ናቸው። እኔ ቼታ እላቸው ነበር፥ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድም ማለት ነው። በግማሽ ዐረብኛና በግማሽ እንግሊዝኛ እንነጋገራለን። በዐቢይ ጾም እኔ የሽሮ ወጥ፥ እርሳቸው በኮኮናት የተሠራ የምስር ወጥ እንለዋወጥ ነበር።

ቼታ የሥራ ዘመናቸው ተፈጽሞ ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ በተዘጋጁ ጊዜ አንድ ትንሽ ካልቪላኩ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። ቁመቱ ከስንዝር ጥቂት ያልፋል፥ ክብደቱ ግን አንድ ሕፃን ያህላል። ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ መሠረቱ አራት ማዕዘን፥ ዓምዱ ድቡልቡል፥ ጽዋው ባለ አምስት ከንፈር ነው። በዓምዱ ወገብ ላይ መስቀል ተቀርጿል። የጠረበው ድንጋይ ጠራቢ ወንድማቸው ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። ግራናይቱ ከብረት ጋር የሚታገል ስለ ሆነ በመሮና በመዶሻ ጥቂት በጥቂት እየቀረፈ፥ ከመስክ ሥራው በተረፈው ጊዜ ብዙ ሳምንት እንደ ፈጀበት ነገሩኝ።

«ቼታ፥ የወንድምዎን ሥራ እንዴት ለእኔ ይተዋሉ? ይዘውት ይሂዱ እንጂ» አልኋቸው።

«በሀገሬ በቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ትልቁ አለ፤ ይበቃኛል» አሉኝ። «ይህ ግን በዚህ ሀገር ሲበራ ኖሯል። አንተ ዘንድ ሰዎች ለጸሎት ይመጣሉ። እኔ ጋ ከሄደ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።»

እንግዲህ ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። በእኔ ክፍል በሳምንት አንድ ምሽት ጥቂት ወንድሞችና እኅቶች ተሰብስበን ውዳሴ ማርያም እንደግማለን፥ አንድ ምዕራፍ እናነብባለን። ከሚመጡት የሚበዙት በየቤቱ የሚሠሩ እኅቶች ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ያላት አለች፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የምትፈቀድላትም አለች። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ፥ በሀገር ቤት ዳዊት ደጋሚ የነበሩ አንድ ወንድማችን አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቀንዲሉን ባዩ ጊዜ ዝም አሉ፤ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ግን ተናገሩ።

«ሰውዬውን አልነቅፍም፤ በፊት የተቀበለንን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጠው። ነገር ግን ይህን የመሰለ መብራት በቡር ዱባይ በሕንዶች ሱቅ ስንት ጊዜ አየሁ፤ የሚገዙት ለጣዖታቸው ነው። መስቀል ስለ ተቀረጸበት ቅርጹ ተለወጠ ማለት ነው? አባቶቻችን ያላበሩበትን እኛ በስደት ብናበራበት፥ ሀገር ቤት ስንገባ ምን እንላለን?»

አንዲት እኅት ደግሞ በበኩሏ፥ «ጋሼ፥ በቤቴ ጧፍ ማብራት አይፈቀድልኝም፤ ሻማ የምትመስል የኤሌክትሪክ መብራት ገዝቼ በእርሷ ፊት እጸልያለሁ። እርሷስ የአባቶቻችን ናት?» አለች። ሳቅ ሆነ፤ ነገር ግን ጋሼ አልሣቁም፥ እኔም ነገራቸው ቀላል እንዳልሆነ ተረዳሁ። በስደት የሚኖር ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሳያውቀው ጥቂት በጥቂት ሌላ ሰው መሆን ነው። የጋሼ ፍርሃት ይህ ነበር፥ ፍርሃቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ስለዚህ ቀንዲሉን ሳናበራ በጨርቁ ጠቅልዬ አስቀመጥሁትና ነገሩን ልመረምር ጀመርሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ይህች የምንኖርባት ምድር ራሷ ለድንጋይ ጥርብም፥ ለክርስቲያን ጸሎትም አዲስ አለመሆኗን ነው። በሻርጃ የጥንታዊ ቅርሶች ቤተ መዘክር፥ በሐጀር ተራሮች ከሚገኘው ለስላሳ ድንጋይ የተጠረቡ ጽዋዎችና ባለ ክዳን ሣጥኖች አሉ፤ በጎናቸውም ነጥብ ያለበት ክብ እየተደጋገመ ተቀርጿል። ከእነዚህ ጥንታውያኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ሺህ ዓመት የተሠሩ ናቸው፤ በባሕርም ተጭነው እስከ መስጴጦምያ ይደርሱ ነበር። ድንጋይ የጠረበ እጅ ሥራው ባሕር ተሻግሮ ሌላ ሰው ቤት ሲገባ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። በአቡ ዳቢ ግዛት በሲር ባኒ ያስ ደሴት ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. የገዳም ፍርስራሽ ተገኝቷል፤ መነኮሳት በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ዓመት ይጸልዩበት ነበር። ለጐብኚዎችም ተከፍቷል። በኡም አል ቁዌይን ግዛት በሲኒያ ደሴት የተገኘው ሌላው ገዳምም በ2022 እ.ኤ.አ. ለዓለም ተገልጿል። እኛ በጠባብ ክፍል ስንጸልይ በዚህ ዳርቻ የመጀመሪያዎቹ የምንመስለው ባለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ወደ ሀገራችን መለሰኝ። በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በሚባለው ስፍራ በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተገኘ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ መሠዊያ አለ፤ አልመቃህ ለተባለው ለጥንቱ የሳባውያን ጣዖት የቆመ ነው፥ ዕጣን የሚጤስበትም የድንጋይ ማጠኛ ከእርሱ ጋር ተገኝቷል። የይሓ ታላቅ ቤተ መቅደስም ለዚሁ ጣዖት የተሠራ ነበር፤ ኋላ ግን ክርስቲያኖች ለጸሎት ስለ ተገለገሉበት ግድግዳው ሳይፈርስ እስከ ዘመናችን ደረሰ። አሁን ጋሼን የምጠይቃቸው ይህን ነው ብዬ አሰብሁ፤ ዕጣን ለአልመቃህ ሲታጠን ኖሯል፥ ዛሬ ግን በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ማዕጠንት ይዞ ሲዞር ዕጣኑን የጣዖት ነው የሚል ማን አለ? ያው ሽታ፥ ያው ጢስ ነው። የተለወጠው የሚታጠንለት ነው።

ሦስተኛ፥ ወደ ቀድሞ መምህሬ ወደ የኔታ ስልክ ደወልሁ። የኔታ ነገሩን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ድንጋዩን አትመርምረው፤ ድንጋይ ምን ያውቃል? ሦስት ሰዎችን መርምር። ጠራቢው ለማን ጠረበው? የሰጠህ ሰው ለማን ሲያበራበት ኖረ? እናንተስ ለማን ልታበሩበት ነው? ሦስቱ መልሶች አንድ ከሆኑ ካህን ጸልዮበት አብሩበት። ነገር ግን ወንድማችሁ ያዘነ እንደ ሆነ አታስገድዱት፥ አትሣቁበትም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት መሥዋዕት ሥጋ የጻፈውን ደግመህ አንብብ። በዚያ ምዕራፍ የሚበልጠው ዕውቀት አይደለም።»

የኔታ ከዚህ ሌላ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ «ዘይቱስ ከወዴት ነው?» አሉኝ። ይህን ከእኛ መካከል ማንም አላሰበም ነበር። ቼታ የኮኮናት ዘይት ያበሩ ነበር። እኛ ግን ከእኅቶች አንዷ ከሀገር ቤት የተላከላት የኑግ ዘይት ነበራት፤ ለጾም ወጥ የምታስቀምጠውን ግማሹን አመጣች። ስለ ኑግ ያነበብሁት ነገር ይህን መብራት በሌላ ዐይን አሳየኝ። ኑግ የኢትዮጵያ ደጋ ተክል ነው፤ ከጥንት ዘመን ጀምሮ ግን ከሀገራችን ወደ ሕንድ እንደ ተሻገረ የተክል ሊቃውንት ይናገራሉ። ዛሬ በሕንድ ምሥራቅ በጃርካንድና በኦዲሻ ኮረብቶች፥ ሳንታል የሚባለውና ሌሎች ነባር ነገዶች በሚኖሩበት ሀገር፥ ያ ቢጫ አበባ እንደ ጎጃም ማሳ ያብባል። ዘይቱም ለምግብና ለመብራት ሲያገለግል ኖሯል። እንግዲህ የእኛ ዘር ወደ ሕንድ ሄዶ በዚያ ሀገር ሰው መብራት ውስጥ ነድዷል፤ የእነርሱ ድንጋይ ደግሞ ወደ እኛ መጣ። ኑግ በሕንድ ማሳ በቅሎ የሕንድ ሰው እንጀራ ከሆነ፥ ይህ ቀንዲልም በእኛ እጅ የእኛ ጸሎት መብራት ሊሆን ይችላል ብዬ አመንሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለአገልግሎት የመጡ ካህን በቀንዲሉ ላይ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩበት። የቤቱን እመቤት፥ ማዳምን፥ አስቀድሜ አስፈቅጄ ነበር። «በክፍል ውስጥ አይሆንም፤ በውጭ በንጣፍ ድንጋዩ ላይ ይሁን፥ ብቻውንም አትተዉት» አሉኝ። ይህ ትእዛዝ የእሳት ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የቀንዲል ሕግ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ከክፍሌ ደጃፍ በንጣፉ ላይ አኖርነው፥ አጠገቡም አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀመጥን። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ጸሎቱ እስኪፈጸም አንድ ሰው በተራው ከቀንዲሉ አጠገብ ይቀመጣል፤ ክሩን በትንሽ እንጨት ያወጣል፥ ዘይቱን ይጨምራል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የምትመጣው እኅታችን ተራዋን ለማንም አትለቅም። «በምሠራበት ቤት ስንት መብራት አበራለሁ፥ አጠፋለሁ፤ የራሴ ብዬ የማበራው ግን ይህ ብቻ ነው» ብላ ነገረችኝ።

ጋሼስ? የኔታ ያሉትን በነገርኋቸው ጊዜ ብዙ ካሰቡ በኋላ፥ «እናንተ አብሩ፤ እኔ ጧፌን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጧፋቸውን የሚለኩሱት ከራሳቸው ክብሪት እንጂ ከቀንዲሉ እሳት አይደለም። ማንም «ለምን?» አይላቸውም። ነገር ግን ባለፈው ፍልሰታ አንድ ምሽት ነፋስ ከበረሓው ተነሥቶ የሚጠብቀው ልጅ ዘይቱን ሊጨምር ሲደነግጥ፥ ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሥተው በነጠላቸው ነፋሱን ከለሉለት። የቀንዲሉን አምስት ከንፈሮች አንድ በአንድ አዩ፥ የክሩን ጫፍ በጣታቸው አስተካከሉ፥ ጥቀርሻውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ስፍራቸው ተመለሱ። ምንም አልተናገሩም፥ እኛም ምንም አልጠየቅንም።

የተወደዳችሁ ወንድሞች ደቀ መዛሙርት፥ ከዚህ ነገር ለአገልግሎታችሁ ሁለት ነገር ታተርፉ ዘንድ እመኛለሁ። አንደኛው፥ ከሌላ ሕዝብ እጅ የመጣ ዕቃ ሲቀርብላችሁ በቅርጹ ብቻ አትፍረዱ፤ ማን እንደ ሠራው፥ ማን እንደ ተገለገለበት፥ ለማንም እንደምታውሉት መርምሩ። ምርመራው ብዙ ጊዜ ወደ ራሳችሁ ሀገር ታሪክ ይመልሳችኋልና፥ የሀገራችሁን ታሪክ ሳታውቁ በሌላው ላይ ለመፍረድ አትቸኵሉ። ሁለተኛው፥ በምርመራው የረታችሁ ጊዜ ያልተስማማውን ወንድም ከመብራቱ ክብ ውጭ አታስቀሩት። ቀንዲል የሚበራው ሰዎች ተሰብስበው እንዲተያዩ ነው፤ አንዱን በጨለማ ጥሎ የሚበራ ከሆነ የድንጋይ ጥርብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እናንተም ምእመናን ተሳላሚዎች፥ ወደ ሩቅ ሀገር ለሥራ ወይም ለመሳለም ስትሄዱ በሻንጣችሁ ውስጥ ጥቂት ጧፍ አኑሩ፤ ስፍራ ከተገኘም ጥቂት የኑግ ዘይት ጨምሩ። በዚያ ሀገር ማኅደሩን የሚሰጣችሁ ወንድም ምናልባት ታገኙ ይሆናል። ቼታ ወደ ሀገራቸው ከገቡ በኋላ በስልክ፥ «መብራቱ አለ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም «አለ፥ በዚህ ሳምንትም በርቷል» እላቸዋለሁ። ከዚህ የበለጠ አንነጋገርም፤ ለሁለታችንም ይበቃል።

ብርሃኑን የማይጠፋው አምላክ በየስደቱ ያሉትን ልጆቹን ሁሉ ይጠብቅልን፤ ዘይታቸውንም አያጕድልባቸው። አሜን።